ጠርዙ የማይታይ እርጅና፦ የሲሊኮን የዓይን ሥር ከረጢትና የጉንጭ እጥፋት አሠራር

የ35 ዓመት ተዋናይን የ70 ዓመት ሽማግሌ ለማድረግ ፀጉሩ ላይ ነጭ ፓውደር መነስነስና ግንባሩ ላይ በእርሳስ መስመር ማስመር ለመድረክ ይበቃ ይሆናል። ካሜራ ሲቀርብ ግን ያው የ35 ዓመት ሰው ዱቄት ተነስንሶበት ነው የሚታየው። ፊት ሲያረጅ ቆዳው ይላላል፤ ከዓይን ሥር ይንጠለጠላል፤ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደው እጥፋት ይከብዳል። ይህን ክብደት ቀለም አይሰጥም። የሚሰጠው ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የሲሊኮን ቁራጭ ነው።

እዚህ የምናሳየው ለአንድ ተዋናይ የግራና የቀኝ፣ ሁለት ቁራጭ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የዓይን ሥር ከረጢቱንና የጉንጩን እጥፋት አንድ ላይ ይይዛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስጨንቀው ጠርዙ ነው። መሀሉ ምንም ቢያምር ጠርዙ ከታየ ሥራው አለቀለት።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የሲሊኮን ቁራጭ የአንድ ቀን ዕቃ ነው። ማታ ሲነሳ ስሱ ጠርዝ ይሟሟል ወይም ይቀደዳል፤ በማግስቱ አዲስ ይለጠፋል። ስለዚህ ዋጋ ከመናገርዎ በፊት ተዋናዩ በሽማግሌ መልኩ ስንት ቀን እንደሚቀረጽ ከረዳት ዳይሬክተሩ ይጠይቁ። ስምንት ቀን ከሆነ ስምንት ጥንድ፣ ለካሜራ ሙከራ አንድ፣ ለመጠባበቂያ ሁለት፣ በጠቅላላው 11 ጥንድ ያስፈልጋል። «አንዱን እየጠጋገንን እንጨርሳለን» የሚል ፕሮዲዩሰር አይጠፋም፤ የተጠገነ ጠርዝ በቅርብ ሾት ምን እንደሚመስል በሙከራው ቀን ሞኒተር ላይ ያሳዩት። ከፊት ቅጂው (የተዋናዩ ፊት የጀሶ ግልባጭ) እስከ መጀመሪያው ጥንድ ሦስት ሳምንት ይጠይቁ።

ተዋናዩን ደግሞ ስለ ላቴክስ (ፈሳሽ ጎማ) አለርጂ፣ ስለ አስም፣ ፊቱ ሲሸፈን ይጨንቀው እንደሆነ ይጠይቁት። ማጣበቂያውንና ማስለቀቂያውን በክንዱ የውስጥ ቆዳ ላይ ነክተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። የአባቱን ወይም የአጎቱን ፎቶ በ70 ዓመታቸው ካገኙ ከየትኛውም የኢንተርኔት ምስል ይበልጣል፤ የዚያ ቤተሰብ ቆዳ በየት በኩል እንደሚወርድ ያሳያልና።

አብዛኛው ዕቃ ከውጭ ስለሚመጣ አንድ ነገር ይወቁ፦ አሴቶንና 99 ከመቶ አልኮል ተቀጣጣይ ናቸው፤ በአውሮፕላን ሻንጣ አይመጡም። እነሱን አገር ውስጥ ከኬሚካል ነጋዴ ይፈልጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ከመቶ አልኮል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የቀረው 30 ውሃ ስለሆነ ሲሊኮኑ የሚለብሰውን ስስ ፕላስቲክ ያነጣዋል፣ ያጓጉለዋል።

የፊት ቅጂ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ያፈሳል፤ ሌላው ሥራው የተዋናዩን የአፍንጫ ቀዳዳ መጠበቅ ብቻ ነው። አፍንጫ ውስጥ ስትሮው መክተት የሚባለውን ይርሱት፤ የአፍንጫውን ቅርጽ ያበላሻል፣ ቢገፋ ደግሞ ያቆስላል።

ለአንድ ፊት የሚያስፈልገው፦ 500 ግራም አልጂኔት (በውሃ ተማስሎ ፊት ላይ የሚረጋ የቅጂ ዱቄት)፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጀሶ ፋሻ 4 ጥቅል፣ ቫዝሊን፣ የላስቲክ የራስ ሽፋን፣ ለብ ያለ ውሃና ቴርሞሜትር። የፊት አልጂኔት ከጠፋ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ይሠራል፤ ችግሩ በ2 እና በ4 ደቂቃ መካከል መርጋቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ያዘገየዋል፣ ሙቅ ውሃ ያፈጥነዋል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት ሙቀት የለውም፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ውሃ በአንድ ኩባያ ሞክረው የሚረጋበትን ደቂቃ ይያዙ።

1. ተዋናዩ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አይተኛ። የተኛ ሰው ጉንጭ ወደ ጆሮው ስለሚፈስ ቅጂው የሌላ ሰው ፊት ይሆናል።
2. ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፣ ጺም ቫዝሊን ይቀቡ። አውራ ጣት ወደ ላይ «ደህና ነኝ»፣ ወደ ታች «አንሡልኝ» ብለው ምልክት ይስማሙ።
3. አልጂኔቱን (ብዙዎቹ በስፍር ከውሃው ጋር እኩል ናቸው) ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ በኃይል ያማስሉ። ከግንባር ጀምረው ወደ ታች ይልቀቁት። የዓይን ጥግና የከንፈር ጥግ ላይ በጣት ጫን ያድርጉ፤ አየር የሚደበቀው እዚያ ነው። የአፍንጫው ዙሪያ መጨረሻ ላይ ይሠራል።
4. ሲረጋ የጀሶ ፋሻውን በሦስት ድርብ ያልብሱ። ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ተዋናዩ ወደ ፊት አጎንብሶ ከውስጥ ፊቱን ያኮማትር፤ ራሱ ይለቅቃል። አይጎትቱት።

አልጂኔት ውሃ እያጣ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ወዲያው ይሙሉት። ለሥራው የሚመረጠው አልትራካል 30 የተባለው ጠንካራ ጀሶ ነው፤ ለ3 ኪሎ 1.14 ሊትር ውሃ። እሱ ከሌለ ጠንካራው የጥርስ ሐኪም ጀሶ ይተካዋል፤ ለ3 ኪሎ ወደ 0.9 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። የግንብ ጀሶ ግን ይቦረሽራል። ዱቄቱን ውሃው ላይ ይንፉት፤ ራሱ ጠጥቶ እስኪሰምጥ አይንኩት፤ ከዚያ በቀስታ ያማስሉ። የመጀመሪያውን ስስ ድርብ በብሩሽ ይቀቡ፤ ቀጥሎ ጀሶ የጠገበ የጆንያ ቁራጭ ይደርቡ። ጀሶ ሲረጋ ይፈላል፤ ከፋሻው በስተቀር የትኛውም ጀሶ ሰው ገላ ላይ አይፈስም፣ እጅም ውስጡ አይቆይም።

በክሌይ ማርጀት

ከረጢቱና እጥፋቱ መጀመሪያ በፊት ቅጂው ላይ በክሌይ (በቅርጽ ጭቃ) ይቀረጻሉ፤ ሲሊኮኑ ኋላ የክሌዩን ቦታ ይይዛል። ክሌዩ ድኝ የሌለበት የዘይት ክሌይ ይሁን፤ ቻቫንት ኤንኤስፒ ለምሳሌ። ድኝ ያለበት ክሌይ እኛ የምንጠቀምበትን በፕላቲነም የሚረጋ ሲሊኮን እንዳይረጋ ያደርጋል። የተማሪ ፕላስቲሲን ድኝ ይኑረው አይኑረው ከላዩ አይታወቅም፤ ጥቂት ሲሊኮን አፍስሰው ይሞክሩት።

ክሌይ ከመያዝዎ በፊት ተዋናዩ እንዲስቅ፣ ዓይኑን እንዲያጠብ፣ እንዲቆጣ አድርገው ፎቶ ያንሡ። የራሱ እጥፋት የሚሄድበትን መስመር ቅጂው ላይ በእርሳስ ያስምሩ። ሰው ሠራሹ እጥፋት ከራሱ እጥፋት በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢርቅ፣ ተዋናዩ ሲስቅ ሁለት እጥፋት ይወጣል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል።

የእጥፋቱ ውፍረት ቢበዛ 8 ሚሊ ሜትር፣ የዓይን ሥር ከረጢቱ ከ3 እስከ 4 ይሁን። ጀማሪ ሁሉ ያበዛል። የእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ከፈረንጁ ይልቅ ቀጫጭን መጨማደድ ያንሰዋል፤ ዕድሜውን የሚናገረው የዓይን ሥር ከረጢቱ፣ የጉንጩ መውረድና የእጥፋቱ ጥልቀት ነው። ከውጭ ቪዲዮ ላይ የተገለበጠ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ጥቁር ፊት ላይ የደረቀ ወንዝ ይመስላል።

ለቆዳው ሸካራነት ብርቱካን ይላጡና ልጣጩ ላይ ላቴክስ በስሱ ደጋግመው ይቀቡ፤ ሲደርቅ ይላጡት፤ ፓውደር ነክተው ክሌዩ ላይ ጫን ጫን ያድርጉት። መጨማደዱን ሲስሉ በክሌዩና በመሣሪያው መካከል ስስ የምግብ ላስቲክ ያንጥፉ፤ የመስመሩን ጠርዝ ያለሰልሰዋል። ሸካራነቱን ከሚፈልጉት ትንሽ አብዝተው ይሥሩት፤ ሲሊኮንና ማጣበቂያ ጥቂቱን ይበሉታል።

አሁን ጠርዙ። ክሌዩን በጣት ወደ ውጭ እየገፉ ምንም እስኪሆን ድረስ ያሳሱት፤ በአልኮል በነካ ለስላሳ ብሩሽ ይጨርሱት። ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ይዳስሱት፤ ጣት መጀመሪያውን ካገኘ ካሜራም ያገኘዋል። ጠርዙ የሚያርፍበትን ቦታም ይምረጡ፦ የዓይን ከረጢቱ የላይ ጠርዝ ከሽፋሽፍቱ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የእጥፋቱ የውስጥ ጠርዝ በአፍንጫው ክንፍ ጎድጓድ ውስጥ፣ የታችኛው ጺም በሚበቅልበት ቦታ። ሰፊ ሜዳ ጉንጭ ላይ ጠርዝ አያሳርፉ።

ሙሉ ፊት በአንድ ጭምብል ለምን አይሠራም የሚል ካለ፦ አንድ ቁራጭ ጭምብል አፍና ዓይን አብረው ሲንቀሳቀሱ ይጎተታል። ፊትን በክፍል በክፍል በሚለጠፉ ቁርጥራጮች መሥራትን በሙያው ውስጥ ያስፋፋው አሜሪካዊው የሜካፕ ባለሙያ ዲክ ስሚዝ (1922–2014) ነው፤ ዛሬም የሚሠራው በዚያው ነው።

ሞልዱ

ሲሊኮኑ የሚፈሰው በሁለት የጀሶ ሞልዶች መካከል ነው፦ ወንዱ ሞልድ የፊት ቅጂው ራሱ ነው፤ ሴቱ አሁን በክሌዩ ላይ የሚፈሰው ነው። ከክሌዩ ጠርዝ ውጪ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ጀሶ ይተዉ። ከዚያ ውጪ ያለውን የፊት ቦታ በሙሉ 6 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ክሌይ ይሸፍኑት። ባዶዋ ቀለበት ሁለቱ ሞልዶች የሚነካኩባት ብቸኛ ቦታ ትሆናለች፤ ጠርዙን የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ትርፍ ሲሊኮን ከእሷ ውጪ ወዳለው ክፍተት ይፈስሳል። ይህን ሽፋን ትቶ ሞልድ የሚያፈስ ሰው፣ ክላምፑን (ሞልዶቹን የሚያጣብቀውን መቆንጠጫ) ምንም ቢያጠብቅ ጠርዙ እንደ ካርቶን ይወፍራል። ሰፊው የጀሶ ገጽ ለገጽ ስለሚደጋገፍ መሀሉ አይዘጋም።

በአራቱም ጥግ የሳንቲም ስፋት ያለው ጎድጓዳ ቁልፍ ይቦርቡሩ። የአፍንጫ ቀዳዳውንና ወደ ውስጥ የሚገባ ቦታን ሁሉ በክሌይ ይድፈኑ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ሞልዶች ተቆላልፈው በመዶሻ ነው የሚለያዩት። በላይተር መሙያ ፈሳሽ (በእንግሊዝኛ ናፍታ የሚባለው፤ የመኪናው ናፍታ አይደለም) የቀጠነ ቫዝሊን ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀቡ። ከዚያ አልትራካሉን እንደ ፊት ቅጂው፦ በብሩሽ ስስ ድርብ፣ አረፋውን በትንፋሽ እፍ ማለት፣ ወፈር ያለ ድርብ፣ ጆንያ፤ ጠቅላላ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር። ሞቆ ሳይበርድ ይክፈቱት፤ ክሌዩ ለስልሶ ስለሚሆን ይለቅቃል። ውስጡን ሲያጸዱ እንጨትና የጥርስ ብሩሽ እንጂ ብረት አይንካው፤ የተጫረ ቦታ ሁሉ በየጥንዱ ላይ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል።

ሞልዱ ለቀናት ይድረቅ። እርጥብ ሞልድ ቀጥሎ የሚመጣውን ፕላስቲክ ነጭና ተሰባሪ ያደርገዋል።

ሲሊኮን ማፍሰስ

ለስላሳ ሲሊኮን ብቻውን ይለጠልጣል፣ ጠርዙም በምንም አይሟሟም። ስለዚህ በስስ ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ይቀመጣል። ለዓይን አካባቢ በአልኮል የሚሟሟውን ዓይነት (ለምሳሌ ሱፐር ባልዲዝ) ይምረጡ። በአሴቶን የሚሟሟው ዓይን ሥር ቦታ የለውም።

ልባሱን በ99 ከመቶ አልኮል እንደ ወተት ቀጥኖ እስኪፈስ ያቅጥኑት። ሞልዶቹን በስስ ቫዝሊን አብሰው በሴቱ ሞልድ ላይ 5 ድርብ፣ በወንዱ ላይ 3 ድርብ ይቀቡ ወይም ይንፉ፤ በየመሀሉ ይድረቅ። ልባሱ ከመቁረጫ ቀለበቷ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ይለፍ፤ ያ ትርፍ ሲለጥፉ መያዣ ይሆንዎታል። በመስኮት አጠገብ፣ የኬሚካል ትነት ማጣሪያ ባለው ማስክ ይሥሩ። የቡና ከሰልም ሌላ ክፍል ይሁን፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሲሊኮኑ ክፍል ኤና ክፍል ቢ በሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ይመጣል፤ ሲቀላቀሉ ይረጋል። ለሁለቱ ቁራጮች ከነትርፉ፦ ክፍል ኤ 20 ግራም፣ ክፍል ቢ 20 ግራም፣ ማለስለሻ 30 ግራም። ሚዛኑ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ይሁን። ማለስለሻው ከክፍል ኤ ክብደት እኩል ሲሆን እንደ ግንባር ይጠነክራል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን እንደ ጉንጭ ይሆናል፤ ከሁለት እጥፍ ካለፈ ዘይት ያወጣል፣ ልባሱ ሲተረተር እንደ ንፍጥ ይወርዳል። ለዚህ ሥራ ከሚሆኑት የሲሊኮን ዓይነቶች ድራጎን ስኪን ኤፍኤክስ ፕሮ ለማማሰልና ለማፍሰስ 12 ደቂቃ፣ ለመርጋት 40 ደቂቃ ይሰጣል፤ ፕላትሲል ጄል 10 ደግሞ 6 ደቂቃና 30 ደቂቃ። እነዚህ ቁጥሮች 23 ዲግሪ ላይ ላለ ክፍልና ማለስለሻ ላልገባበት ሲሊኮን ናቸው። በሐምሌ ብርድ በጣም ይረዝማሉ፤ በአዋሽ ሙቀት ኩባያው ውስጥ እያለ ሊረጋብዎት ይችላል።

የውስጥ ቀለሙ የብዙ ሰው መሰናክል ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው «የቆዳ ቀለም» ነጭ ቀለም ይበዛበታል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ከላይ ምንም ቢቀቡት ከሥሩ አመዳም ሆኖ ይቀራል። ነጭ አይጨምሩ። ከቢጫ አፈርማ ይጀምሩ፤ ቀይ ቡኒ ይጨምሩ፤ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የምትነሳ ሰማያዊ ያክሉ። ጥቂት ቀይና ቡኒ የጨርቅ ብናኝ ይነስንሱበት፤ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ብዥታ ይሰጣል። ከተዋናዩ ቆዳ ትንሽ ፈካ፣ ትንሽ ቀላ ያለ ይሁን፤ የላዩ ቀለም ያጠቁረዋል። ቀለሙን ክፍል ቢ ውስጥ ካዋሃዱ በኋላ ብቻ ክፍል ኤን ይጨምሩ። ሙከራውን 5 ሚሊ ሜትር አወፍረው አርግተው ከተዋናዩ መንጋጋ አጠገብ በፀሐይ ብርሃን፣ ቀጥሎም በቀረጻው መብራት ይዩት። ኩባያ ላይ በስሱ የተቀባ ቀለም ይዋሻል፤ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውፍረቱ መልኩን ይለውጠዋል።

አረፋ ለማውጣት ቫኪዩም ፓምፕ ካለዎት፣ የውጭ መመሪያዎች «ጌጁ 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪያነብ» ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ጠቅላላ ግፊት 22 ኢንች ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጌጁ 22 ላይ ቢቆም ፓምፑ አልተበላሸም፤ የሚወጣ አየር የለም ማለት ነው። ብዙ ፓምፕ በከንቱ ተፈትቷል። ፓምፕ ከሌለ ከከፍታ እንደ ክር አቅጥነው ያፍስሱ።

በብሩሽ ስስ ድርብ ሸካራነቱ ውስጥ ይግፉ፤ ቀሪውን መሀል ላይ ያፍስሱ፤ ወንዱን ሞልድ በቀስታ ያስቀምጡ። ክላምፑን በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ ያጥብቁ። ኩባያው ውስጥ የቀረው እስኪረጋ ሞልዱን አይክፈቱት፤ ምስክርዎ ኩባያው ነው። ሲከፍቱ እያንዳንዱን ሴንቲ ሜትር ፓውደር በነካ ብሩሽ እየነኩ ይላጡ። ፓውደር ያልነካው ጠርዝ በራሱ ላይ ከታጠፈ አይፈታም፤ ያ ጥንድ ሞተ። የውስጡን ቫዝሊን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በነካ ጥጥ ጠርገው በፊት ቅጂው ላይ ያስቀምጡት።

ሲሊኮኑ ካልረጋ ጥፋቱ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ የላቴክስ ጓንት (ናይትራይል ወይም ቪኒል ይጠቀሙ)፣ ድኝ፣ በቲን የሚረጋ ሌላ ሲሊኮን የነካው መሣሪያ፣ የተቀያየረ የጠርሙስ ክዳን። የላዩ ብቻ ካጣበቀ ከሞልዱ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ከሆነ ከሚዛኑ።

ለሲሊኮን ገንዘብ ከሌለ የዓይን ከረጢቱን ብቻ በፕሮስ-ኤይድ (በቆዳ ማጣበቂያው) ማውጣት ይቻላል። ማጣበቂያውን በካብ-ኦ-ሲል (ፈሳሽ የሚያወፍር ረቂቅ የሲሊካ ዱቄት) እንደ ቅቤ እስኪሆን ያወፍሩት (ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ በማስክ)፣ በጠፍጣፋ የሲሊኮን ሞልድ ውስጥ ሞልተው በካርድ ይላጉት፤ ለቀናት ይድረቅ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ግን አያወፍሩት፤ መሀሉ አይደርቅም።

መለጠፍ

ቀረጻው ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ ተዋናዩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ጺሙን ማታ ይላጭ፤ ጠዋት የተላጨ ቆዳ ማጣበቂያው ያቃጥለዋል።

ፊቱን አጽድተው ያድርቁ። ቁራጩን ያለ ማጣበቂያ አስቀምጠው ሦስት ቦታ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ፕሮስ-ኤይድ በስሱ ቆዳውም ቁራጩም ላይ ይቀቡ፤ ነጭ ሆኖ ይቀባል፣ ሲደርቅ ይጠራል። ሳይጠራ ከለጠፉት ይንሸራተታል፤ ከጠራ በኋላ ከነካ ደግሞ በነካበት ይቀራል። መጀመሪያ እጥፋቱን ከአፍንጫው ክንፍ ጎን ያሳርፉ፤ ከዚያ ወደ ጉንጭ፣ በመጨረሻ ወደ ዓይን። ሲለጥፉ አፉ ዘና፣ ጥርሱ ያልተነከሰ ይሁን። ለዓይን ሥሩ ወደ ላይ ይይ፤ እንደዚያ ካልሆነ ቀና ባለ ቁጥር ጠርዙ ይጨማደዳል።

ጠርዙን ለማሟሟት ብሩሹን 99 ከመቶ አልኮል ነክተው በሶፍት ይጭመቁት፤ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ በታጠፈ ሶፍት ተከልሎ። ትርፉን ልባስ ወደ ውጭ እየጎተቱ በብሩሹ ይከተሉት፤ ይለያል፣ ጠርዙም ቆዳ ላይ ይቀልጣል። አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ከተመላለሱ ቀዳዳ ይከፈትና ሲሊኮኑ ብቅ ይላል። የቀረ ደረጃ ካለ በካብ-ኦ-ሲል የወፈረ ፕሮስ-ኤይድ በሸካራ ስፖንጅ ነካ ነካ ያድርጉበት።

የሚረሳ እርምጃ፦ የሚቀጥለው ቀለም በአልኮል የሚሠራ ነው፤ ልባሱም በአልኮል ይሟሟል። ቀጥታ ከቀቡት ቀለሙ ጠርዙን ይበላዋል። መጀመሪያ ጠርዙን በሙሉ ስስ ፕሮስ-ኤይድ ያልብሱ፣ ያድርቁ፣ ፓውደር ይንኩ።

ቁራጩ ያልደረሰበትን የዓይን ጥግ ቆዳ ወጥረው ላቴክስ በስፖንጅ ነክተው፣ አድርቀው፣ ፓውደር አድርገው ይልቀቁት፤ ይጨማደዳል። እጁንም እንዲሁ ያድርጉ። ፊቱ 70 ሆኖ ብርጭቆ የሚያነሳው እጅ 30 የሆነ ሽማግሌ ስንቱን ድራማ አበላሽቷል።

ቀለም

ፋውንዴሽን አይጠቀሙ፤ ቆዳ አንድ ቀለም የለውም። እንደ ስኪን ኢለስትሬተር ያለ በአልኮል የሚነቃ ፓሌት፣ ጸጉሩ ያጠረ የግንብ ቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃሉ። ብሩሹን ነክተው ጸጉሩን በጣት እየገፉ ነጠብጣብ ይርጩ፦ መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡኒ፣ ቀጥሎ ወርቃማ ቢጫ፣ ከዚያ የወይራ አረንጓዴ በጣም በስሱ፣ መጨረሻ ጥቁር ቡኒ። እያንዳንዱ ድርብ ብቻውን ሲታይ ምንም የማይመስል መሆን አለበት። ነጠብጣቡን ከቁራጩ አሻግረው የራሱ ቆዳ ላይም ይርጩ፤ ጠርዙን የሚደብቀው ይህ መሻገር ነው።

የዓይን ሥሩ ወደ ወይን ጠጅና ቡኒ ይጥቆር፤ ግንባሩና የዓይን ዙሪያው ከጉንጩ ይጨልም። በጥቁር ቆዳ ሰዎች ጉንጭ ላይ ከዕድሜ ጋር የሚወጡትን ጥቃቅን ጥቁር ጉብታዎች አይርሱ፦ የወፈረ ፕሮስ-ኤይድ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርገው ሲደርቅ ያጥቁሩት። በአንድ ጉንጭ አምስት ስድስት፣ ተራርቀው፣ መጠናቸው ያልተመሳሰለ። ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ እውነት የሚያስመስለውም ይኸው።

ነጭ ፓውደር እዚህም ጠላት ነው። በእጥፋቱ ውስጥ ተቀምጦ ቀን ላይ አመድ ይሆናል፤ በቆዳው ቀለም የተበጀ ፓውደር በጥቂቱ ይጠቀሙ። ሥራው ማለቁን የሚነግርዎት መስታወቱ አይደለም፤ ተዋናዩን መብራቱ ሥር አቁመው በሞኒተሩ ይዩት።

ሎኬሽን ላይ

መጀመሪያ የሚነሳው የከንፈር ጥግ ነው። መጠጥ በስትሮው፣ ምግብ በትንንሽ ቁራሽ፤ ጉርሻ ክልክል ነው፣ ማንም ቢለምን። ላብ ከቁራጩ ሥር ተጠራቅሞ አረፋ ከሠራ በእጥፋቱ ጥልቀት ውስጥ በቀጭን መርፌ ልባሱን ብቻ ወግተው (ከታች ቆዳ አለ) በሶፍት ይጫኑት። የተነሳ ጠርዝ ሥር አዲስ ማጣበቂያ ከመጨመርዎ በፊት ላቡን ያድርቁ፤ እርጥብ ላይ የገባ ፕሮስ-ኤይድ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ለኮንቲኒዩቲ (መልኩ ከቀን ቀን እንዳይለወጥ) ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከሁለቱም ገደድ በየቀኑ በአንድ ብርሃን ፎቶ ያንሡ። የጉብታዎቹን ብዛትና ቦታ ይጻፉ፤ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት የሚዞሩት እነሱ ናቸው።

ማስለቀቅ

ለዚህ 40 ደቂቃ ከቀረጻው መርሐ ግብር ላይ አስቀድመው ያስይዙ፤ ካልተያዘ ተዋናዩ ደክሞት ራሱ ይነቅለዋል። በአይሶፕሮፒል ሚሪስቴት የተሠራ ማስለቀቂያ ለስላሳ ብሩሽ ነክተው ከጉንጩ ጠርዝ ሥር ያስገቡ፤ ብሩሹ ይክፈተው፣ እጅ ይከተል። ዓይን አጠገብ ሲደርሱ ፈሳሹ እንዳይንጠባጠብ ጥጥ ከሥር ይያዙ። አሴቶን ፊት ላይ አይነካም። የቀረውን ማጣበቂያ በዚያው ማስለቀቂያ አሽተው በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ያጥቡ፤ ቅባት ይቀቡት። ቆዳው ከቀላ ቦታውን ፎቶ አንሥተው ለረዳት ዳይሬክተሩ በዚያው ምሽት ያሳውቁ፤ የነገውን ኮል ሺት (የቀረጻ ጥሪ ዝርዝር) ገና ሳይልክ የሽማግሌውን ትዕይንት ወደ ከነገ ወዲያ ሊያዛውረው ይችላል።